የፕሩሲያ ነገሥታት ዘመናዊ ሠራዊት እንዴት ገነቡ?

አንድን ሠራዊት ኃያል የሚያደርገው ምንድን ነው? የወታደሩ ብዛት ነው ወይስ የመሣሪያው ዓይነት? የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፕሩሲያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሩሲያ በአመዛኙ በአሁኖቹ ጀርመንና ፖላንድ ውስጥ የሚገኙ የተበታተኑ ግዛቶችን ያቀፈች መንግሥት ነበረች። ንጉሥ ፍሬድሪክ ዊልሄልም 1ኛ በ1713 ዙፋኑን ሲይዝ 40 ሺህ ገደማ ወታደሮች ነበሩት። በ1740 ሲሞት ግን ለልጁ ያወረሰው ሠራዊት 80 ሺህ ያህል ደርሶ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ በወቅቱ 2 ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። ታዲያ ይህ እንዴት ተቻለ?

ገንዘብና መዝገብ

ንጉሡ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥቱን ወጪ በእጅጉ ቀነሰ። በ1723 የግብርና የገቢ አስተዳደሩን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር አዋለ፤ ከመንግሥቱ ገቢም ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነውን ለሠራዊቱ መደበ። በ1733 ደግሞ አገሪቱን ካንቶን በሚባሉ የምልመላ ክልሎች ከፋፈለ። በየክልሉ ያሉ ወጣቶች ይመዘገባሉ፤ የተመለመሉትም መሠረታዊ ሥልጠና ካገኙ በኋላ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በእርሻቸው ላይ ያሳልፋሉ። በዚህም ሠራዊቱ ሲያድግ ማሳው ያለ ሠራተኛ አልቀረም።

ዘንግና ልምምድ

የዘመኑ ጠመንጃ ባሩድና ጥይት የሚጎርሰው በአፈሙዙ ሲሆን፣ ሁለቱም በዘንግ እየተገፉ ይጠቀጠቃሉ። የእንጨት ዘንግ በጥድፊያ ጊዜ ስለሚሰበር፣ የአንሃልት ደሳው መስፍን ሊዮፖልድ በብረት ዘንግ ተካው። ወታደሩም የማጉረሱን ሂደት እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ ከፋፍሎ በየቀኑ ይለማመድ ነበር። የዚህ ፍሬ በሚያዝያ 1741 በሞልቪትዝ ጦርነት ታየ። ፈረሰኛው ተሸንፎ ወጣቱ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ ከሜዳው ከራቀ በኋላ፣ እግረኛው በፈጣንና በተቀናጀ ተኩስ ድሉን አስገኘ።

የጥይት ፍጥነት ሲለካ

እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ የጥይትን ፍጥነት የሚለካበትን ዘዴ ገለጸ። ጥይቱ በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ውስጥ ሲቀረቀር እንጨቱ ይወዛወዛል፤ ከውዝዋዜው ስፋትም የእንጨቱ ፍጥነት ይሰላል። ለምሳሌ የእንጨቱና የጥይቱ ድምር መጠነ ቁስ የጥይቱ 1000 እጥፍ ቢሆንና ሁለቱ አብረው በሴኮንድ 0.4 ሜትር መንቀሳቀስ ቢጀምሩ፣ በሞመንተም ዕቀባ ሕግ መሠረት የጥይቱ ፍጥነት በሴኮንድ 400 ሜትር ነበር ማለት ነው። ሮቢንስ በዚህ ዘዴ አየር በፈጣን ጥይት ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ቀድሞ ከተገመተው እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። ፍሬድሪክ 2ኛ ወደ በርሊን የጠራው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር መጽሐፉን በ1745 ከሰፊ ማብራሪያ ጋር ወደ ጀርመንኛ መለሰው። የተኩስ ጥበብ ከልማድ ወደ ስሌት መሸጋገር ጀመረ።

መሻሻል ሲቆም

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ያጠፋ ወታደር በሁለት ረድፍ በቆሙ ጓደኞቹ መካከል እያለፈ በአርጩሜ ይገረፍ ነበር፤ ብዙዎችም ይኮበልሉ ነበር። አዛዦቹ ወታደሩን ስለማያምኑት ተበታትኖ እንዲዋጋ ለመፍቀድ ይቸገሩ ነበር። ከፍሬድሪክ 2ኛ ሞት 20 ዓመት በኋላም ሠራዊቱ በአመዛኙ በቀድሞው ስልት ይመራ ነበር። በጥቅምት 14 ቀን 1806 የናፖሊዮን ጦር በዬናና በአውርሽቴት በአንድ ቀን ድል መታው።

ከሽንፈቱ በኋላ ሻርንሆርስት የመሩት ተሐድሶ አዋራጅ ቅጣቶችን አስወገደ፤ የመኮንንነት ማዕረግ በትውልድ ሳይሆን በዕውቀትና በጀግንነት እንዲሰጥ አደረገ። በ1810 በርሊን ውስጥ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1813 ፕሩሲያ ከአጋሮቿ ጋር ሆና ናፖሊዮንን በላይፕዚግ አሸነፈች።

ከዚህ የምንረዳው ዘመናዊነት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚቀመጥ ሀብት አለመሆኑን ነው። ፕሩሲያን ያጠነከራት መለካት፣ መመዝገብና ማሻሻል ነበር፤ ያዳከማትም ትናንት ያሸነፈችበትን ዘዴ ሳትመረምር መያዟ ነው።