ጃኖ ለብሶ የመጣው ጊታር

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት በእርሻና በቤት ሥራ ጊዜ ሲነገር እንሰማለን፤ በሙዚቃ ጉዳይ ሲጠቀስ ግን እምብዛም አንሰማም። ሙዚቃ ስንል ዘፋኙን እንጂ ከኋላው ቆመው የሚደክሙትን ተጫዋቾች አናስብም። የዘፋኙን ስም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ከበሮ መቺው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን የሚመልስ አይገኝም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ስለ ጃኖ ባንድ ለመጻፍ ያነሣሣን፣ ይህን ልማድ ለመለወጥ የሞከረ የወጣቶች ኅብረት በመሆኑ ነው።

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በመጀመሪያ ስሞቹን እንመልከት። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ አባቶቻችን በክብር ቀን ይለብሱት የነበረው ልብስ ነው። ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር ከሆዱ እሳት ሲንተከተክ የኖረው ተራራ ነው። እንግዲህ ወጣቶቹ ባንዳቸውን በአባቶች ልብስ፣ ሥራቸውን በእሳተ ገሞራ ሲሰይሙ አሳባቸው ግልጽ ነበር፤ የሮክ እሳት በአገር ልብስ ተሸፍኖ ይምጣ ማለታቸው ነው።

በባንዱ ፊት የቆሙት ዘፋኞች አራት ነበሩ፤ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ ከወንዶች፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ ከሴቶች። አራቱ እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ አንዱ ብቻውን ጌታ፣ ሌላው አጃቢ አልሆነም። ባንዱን በማቋቋም ረገድ የደከሙት አቶ አዲስ ገሠሠ ቀደም ሲል የዚጊ ማርሌይን ሥራ ያስተዳድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። አልበሙን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌልም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» አልበም ያዘጋጀ እርሱ ነው።

አልበሙን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ አዛውንት ጎረቤታችን አሰማናቸው። ጥቂት አዳምጠው፣ «ልጆቼ፣ ዜማው የኛ ነው፤ ጩኸቱ ግን የማን ነው?» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልስ ልንፈልግለት ተገደድን።

ጩኸቱ በእርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ነገር ግን ዛሬ የኛ የምንለው ነገርም ሁሉ እንዲሁ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፣ ጡሩምባው እንግዳ ነበር። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ትዝታንና አንቺ ሆዬን በዚያው ነሐስ ተጫወቱ፤ ዛሬ ያንን ድምፅ ስንሰማ የድሮው፣ የጥንቱ እያልን እንናፍቃለን። ስለዚህ እንግዳው መሣሪያ ቅኝታችንን ከተማረ ቤተኛ ይሆናል ማለት ነው።

ጊታሩስ ቅኝታችንን ይማራል ወይ? የሮክ ጊታር ድምፅ እንዲሻክር ስለሚደረግ፣ ብዙ ድምፅ ባንድነት ቢመታበት ይደበላለቃል። በዚህ ምክንያት ተጫዋቾቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ አጣምረው ይመታሉ። ይህ ለኛ አምስት ድምፅ ላለው ቅኝት የተመቸ ነው፤ ዜማው ሳይሸፈን ይሰማል። እንደ አንቺ ሆዬ ያለው፣ ድምፆቹ እጅግ የተቀራረቡበት ቅኝት ግን እንዲሁ በዘፈቀደ አይመታም፤ ጊታሪስቱ እያንዳንዱን ድምፅ መርጦ ማስቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለው ሥራ ረዥም ልምምድ ይጠይቃል።

ትልቁ ችግር ግን የቅኝት ሳይሆን የኑሮ ነው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ለብዙ ዓመታት አዳከመው፤ ባንዶችም ተበተኑ። በኋላም ኪቦርድ የሚባለው መሣሪያ መጣና ከበሮውን፣ ቤዙንና ጡሩምባውን አንድ ሰው በሁለት እጁ ይጫወታቸው ጀመር። ለባለ ምሽት ቤቱ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለስምንት ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈል ይረክሳል። የባንድ ልጅ ግን የማታውን ገቢ ለስምንት ተካፍሎ፣ የልምምድ ቤት ኪራይ ከፍሎ፣ የታክሲውን ሲያወጣ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ለእንጀራ ሲሉ በየሆቴሉ የሌላውን ዘፈን እየተጫወቱ፣ የራሳቸውን ለነገ ያሳድራሉ። ያ ነገ ሳይመጣ ባንዱ ይፈርሳል።

ጃኖ ባንድ ግን አልበሙን አውጥቶ፣ በታላላቅ መድረኮች ላይ ሮክን በአማርኛ አሰምቶ ከንቱ ቅዠት አለመሆኑን አሳየ። ሥራው ሁሉንም አላስደሰተ ይሆናል፤ እኛም አንዳንዱ ዘፈን ላይ ጊታሩ ቃሉን ውጦብናል ብለን እናማርራለን። ይሁን እንጂ በየሰፈሩ ጋራዥና ጓዳ ውስጥ ጊታር ለሚያቃኙት አዳዲስ ወጣቶች መንገዱን ጠርጎላቸዋል።

እንግዲህ ቀሪው የኛ የአድማጮች ፈንታ ነው። አንድ አዲስ ባንድ የራሱን ዘፈን ሲጀምር «የምናውቀውን ተጫወቱልን!» ብለን ባንጮኽ፣ የመግቢያውን ዋጋ ከፍለን እስከ መጨረሻው ብናዳምጥ፣ ስንወጣም የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የከበሮ መቺውን ስም ጠይቀን ብንሄድ፣ ለወጣቶቹ ከጭብጨባ የበለጠ ስንቅ ሰጠናቸው ማለት ነው። ጎረቤታችን አዛውንትም ከሳምንት በኋላ ደጃችንን አንኳኩተው፣ «ያንን ጩኸት እስቲ ድገሙልኝ» ብለውናል።