አዝማሪና የግጥሙ ባለቤትነት

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው የአዝማሪን ሙያ ነው። ስለ አዝማሪ ጨዋታና ስለ ቅኔው ውበት ብዙ ተብሏል። እኛ ግን የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ራሱ እየገጠመ፥ ራሱ እያዜመ፥ ራሱም መሰንቆውን እየመታ የሚተዳደር ሰው ኑሮው በምን ላይ ቆሟል? ከሥራውስ ለእርሱ የሚቀርለት ምንድን ነው? የሚል ነው።

አዝማሪ የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። በኋላ ግን በዓለማዊ ዘፈን ለሚተዳደር ባለሙያ መጠሪያ ሆነ፤ አልፎ ተርፎም ለስድብ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ሙያው በተለይ በጎንደር፥ በጎጃምና በወሎ ሥር የሰደደ ነው። ልጅ ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ጋር እየዞረ በማየትና በመስማት ይማረዋል። ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ የሚያውቀው በጆሮው እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

የሙያው መሣሪያ መሰንቆ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ ከእንጨት የተሠራው ሳጥን በቁርበት ይለበጣል፤ ከላዩ ዘንግ ይተከልበታል፤ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ይወጠርበታል። ደጋኑም እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው። ተጫዋቹ ጅማቱን በጣቶቹ ነካ እያደረገ ድምፁን ያወጣል እንጂ ከዘንጉ ጋር አያጣብቀውም፤ ቅኝቱንም ለገዛ ድምፁ እንዲስማማ አድርጎ ይወጥረዋል። እንግዲህ አዝማሪ የሥራ መሣሪያው በእጁ ነው፤ በትከሻው አንጠልጥሎ ከአገር አገር ይዞራል፤ አጃቢ ጓድም ሆነ ቀጣሪ ጌታ ሳያስፈልገው ሥራውን ይሠራል። ነጻነቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ግጥሙን የምንመለከት እንደ ሆነ ነገሩ ይለወጣል። አዝማሪው በሠርግ ወይም በጠጅ ቤት ሲቆም የሰውን ፊት አይቶ፥ ስሙንና አገሩን ጠይቆ፥ ወዲያው ይገጥማል። ተሰብሳቢውም ዝም ብሎ አያዳምጥም፤ «ተቀበል!» እያለ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ ተቀብሎ ከዜማው ጋር አዋሕዶ ይመልሰዋል። ደስ ያለው ሰው ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስለዚህ ግጥሙ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም፤ ዋጋውም አስቀድሞ የተቆረጠ አይደለም። ለዚያች ምሽት የተገጠመው ግጥም ከዚያች ምሽት ሽልማት በቀር ሌላ ገቢ የለውም። በማግሥቱ ስንኙን ያገር ሰው ሁሉ ይለዋል፤ የገጣሚው ስም ግን ተረስቷል።

ይህ ባለቤት አልባነት ጉዳት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ኃይልም ነበር። በጽሑፍ ያልሰፈረ ግጥም ሊቃጠል ወይም ሊታገድ አይችልም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፥ በተከታዩ ወር፥ የፋሺስቱ ገዥ ጠንቋዮችና እየዞሩ የሚያዜሙ ሰዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። ወሬና ስሜት በዘፈን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ስላወቀና ዘፈኑን ለመያዝ ስላልቻለ ዘፋኙን ገደለ። እንግዲህ አዝማሪው ለግጥሙ ባለቤትነት አልተከበረም፤ የግጥሙን ዕዳ ግን በነፍሱ ከፍሏል።

ከዚህ ቀጥሎ ድምፅን የሚያስቀር መሣሪያ ሲመጣ ምን እንደ ተለወጠ እንመልከት። በሸክላ ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ዘፈኖች ውስጥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ይገኙባቸዋል። ተሰማ በቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ነበሩ እንጂ በትውልድ ከአዝማሪ ወገን አልነበሩም። ነገር ግን ሸክላው ስማቸውን ስለ ያዘ ከመቶ ዓመት በኋላም ሥራቸው የእርሳቸው መሆኑ ይታወቃል። በዚያው ዘመን በየጠጅ ቤቱ የዘፈኑት ስመ ጥር አዝማሪዎች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፥ በኋላም ሌሎች ቴአትር ቤቶች፥ ባህላዊ ተጫዋቾችን በደመወዝ ቀጠሩ። ይህ ለባለሙያው የዘወትር እንጀራ ሰጠው፤ በአንጻሩም ምን እንደሚዘፍን የሚወስን አለቃ አመጣበት። ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን የጣሰው አምኃ እሸቴ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. በግሉ የሸክላ ድርጅት አቋቁሞ ዘመናዊ ዘፈኖችን ማሳተም ጀመረ። ካሴት ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ ሙዚቃ ቤቶች በዙ። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ የአሳታሚው ነው። ስለዚህ በየዘመኑ ባለቤት እየሆነ የመጣው ድምፁን ያሰማው ሳይሆን ድምፁን የቀረጸው ወገን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህንን ለማስተካከል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የክዋኝን መብት ያውቃል፤ ያለ ፈቃዱም ጨዋታው እንዳይቀረጽ ይከለክላል። ነገር ግን አንድ ሥራ እንደ ድርሰት ጥበቃ እንዲያገኝ አዲስ ፈጠራ ከመሆኑ ሌላ በአንድ ነገር ላይ የተቀረጸ ወይም የተጻፈ እንዲሆን ይጠይቃል። የአዝማሪው ስንኝ ግን ተፈጥሮው ተቃራኒ ነው፤ ሲነገር ይወለዳል፥ ሲያበቃም ይበተናል። ከዚህ የተነሣ አዝማሪው በዘፋኝነቱ መብት ቢኖረው በገጣሚነቱ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ዛሬ ማንም እንግዳ በኪሱ ባለ ስልክ ጨዋታውን ቀርጾ ሲሄድ የዘፈኑ ማስረጃ የሚገኘው በእንግዳው እጅ እንጂ በአዝማሪው ዘንድ አይደለም።

ይህ ጉዳይ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካል። የቃል ግጥም ለመሰብሰብ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው በማስታወሻው ላይ «የሕዝብ ግጥም» ብሎ ሲጽፍ፥ አንድ የታወቀ ሰው በዚያች ሰዓት የገጠመውን ስንኝ የማንም እንዳይሆን ያደርገዋል። በርግጥ ከጥንት ሲወርድ የመጣ ግጥም አለ፤ ያን የሕዝብ ማለት ተገቢ ነው። ሁለቱን ለመለየት ግን ዘፋኙን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ይህን ከማን ሰማኸው? ወይስ አሁን የገጠምከው ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፥ ከመቅረጽ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፤ የአዝማሪው ስም፥ ቦታውና ቀኑም ይመዝገብ። ሁለተኛ፥ ስንኙን የሰጠው ተሰብሳቢ ከሆነ ይህም ተለይቶ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የተቀረጸው ግልባጭ ለአዝማሪው ይሰጠው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ማስረጃ በእጁ የሚገባው በዚህ መንገድ ነውና። አዝማሪው መሰንቆውን ከማንም አልተበደረም፤ ግጥሙንም እንደ መሰንቆው የራሱ ለማድረግ የሚረዳው መዝገብ በከፊል የሚጻፈው በእኛ እጅ ነው።