ያረጀ ሾክ አብዞርበር መቼ ይለወጥ? ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ ፊዚክስ የሚሰጠው መልስ

የመስክ መኪና በሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ በየጊዜው የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ሾፌሩ «መኪናው መንገድ አልይዝ ብሏል፤ ሾክ አብዞርበሩ ይለወጥልኝ» ይላል። የንብረት ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ «ገና ኪሎ ሜትሩ አልደረሰም» ሲል ይመልሳል። መካኒኩ ደግሞ የመኪናውን አፍንጫ ሁለት ጊዜ በእጁ ጫን አድርጎ ይለቅና «ደኅና ነው» ይላል። መኪናውም ዐሥር ያህል ተሳፋሪዎችን ጭኖ ወደ ጠጠሩ መንገድ ይወጣል። ከተሳፋሪዎቹም ብዙዎቹ ለመስክ ጥናት የምንልካቸው የእኛው ተማሪዎች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጉዳይ ለጋራዥ ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ ሰዎች የማንኛው ሐሳብ ሚዛን እንደሚደፋ የሚያሳየን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የሞላና የውዝዋዜ ትምህርት ነው።

ማን ይሸከማል? ማንስ ያረግባል?

ብዙ ሰው ሾክ አብዞርበር የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ይመስለዋል። ክብደቱን የሚሸከሙት ግን ሞላና ባሌስትራ ናቸው። ለምሳሌ በአገራችን የመስክ ሥራ እጅግ የታወቀውን የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት ዋና ዋና ዓይነቶች ከፊት በሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ከጉድጓድ የሚመጣውንም ምት በቅድሚያ የሚቀበሉት እነዚሁ ናቸው።

ሞላ ግን የተቀበለውን ኢነርጂ አያጠፋም፤ ያበድራል እንጂ። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የመኪና አካል 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ወደ 1,000 ጁል የሚጠጋ ኢነርጂ ይለቃል። ሞላው ይህን ተቀብሎ ይጨመቃል፤ ወዲያውም ተዘርግቶ የመኪናውን አካል ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጣልቃ የሚገባ ነገር ከሌለ ውዝዋዜው ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል።

ጣልቃ የሚገባው ሾክ አብዞርበሩ ነው። በውስጡ በዘይት የተሞላ ቱቦና በዘይቱ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች በኩል ተጨንቆ ያልፋል፤ የእንቅስቃሴውም ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ ሾክ አብዞርበር በአጭሩ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንጠይቃለን፤ ኋላ ላይ ለምርመራ ይጠቅመናል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የፊዚክስ ሰዎች ውዝዋዜ የሚረግብበትን መጠን «ዜታ» በተባለው የግሪክ ፊደል ይወክሉታል። ዜታ 0 ከሆነ ውዝዋዜው ማብቂያ የለውም፤ 1 ከሆነ አካሉ ከነጭራሹ ሳይወዛወዝ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተለመዱ የሰው ማመላለሻ መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆኑ ተደርገው ይሠራሉ።

የዜታ መጠን 0.3 የሆነ ጤነኛ መኪናና ሾክ አብዞርበሩ ደክሞ ወደ 0.1 የወረደ ሌላ መኪና እናወዳድር። ሁለቱም ከአንድ ጉብታ በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አሉ እንበል። ጤነኛው ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ የሚነሣው 1.4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ደካማው ግን 5.3፣ ቀጥሎ 2.8፣ በሦስተኛው 1.5 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ጤነኛው በአንድ ውዝዋዜ የጨረሰውን ሥራ ደካማው የሚጨርሰው በሦስት ነው ማለት ነው።

ይህን ወደ መንገድ እንለውጠው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አካሉ በሰከንድ 1.3 ጊዜ የሚወዛወዝ ቢሆን በአንድ ውዝዋዜ 17 ሜትር ይሄዳል። ጤነኛው በ17 ሜትር ውስጥ ሲረጋ ደካማው 51 ሜትር ያስፈልገዋል። በዚያ ርቀት ውስጥ አካሉ ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር በጎማዎቹ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስም በጎማና በመንገድ መካከል ያለው ሰበቃ ይቀንሳል። ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት በዚህ ሰበቃ ነውና ሕፃን ወይም ከብት ድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ቆርቆሮ መሰሉ መንገድ

ከአካሉ ሌላ መንኮራኩሩ ራሱ በጎማውና በሞላው መካከል ሆኖ ይዘላል፤ ይህም በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የሚደርስ ፈጣን ንዝረት ነው። ሾክ አብዞርበሩ ይህንንም ማርገብ ይጠበቅበታል። ሥራውም ከምንም በላይ የሚከብደው እንደ ጣራ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ነው።

ይህ መሸብሸብ ከየት ይመጣል? ታበርሌት፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 «ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ በአሸዋ ላይ የሚንከባለል መንኮራኩር ሞላ ባይኖረው እንኳ ሽብሽቡን እንደሚፈጥር አሳይተዋል። ስለዚህ ተሽከርካሪ በሚፈጥንበት ልል ጠጠር ላይ ሁሉ ይህ ነገር መከሰቱ የሚጠበቅ ነው።

በጉብታዎቹ መካከል ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,400 በላይ ምቶች አሉ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ140,000 በላይ ይሆናሉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ምቶቹ በሰከንድ 12 ጊዜ ይመጣሉ፤ ይህም ከመንኮራኩሩ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ይገጥማል። ሬዞናንስ የምንለው ይኸው ነው። መኪናው ሊፈራርስ የሚመስለውም በዚህ ፍጥነት ነው።

ሾፌሮች ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ፍጥነት ይጨምራሉ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ምቶቹ በሰከንድ 32 ይሆናሉ፤ መንኮራኩሩም ሊከተላቸው ስለማይችል መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። ነገር ግን ጎማው አሁን የሚነካው በአብዛኛው የጉብታዎቹን ጫፍ ነው። የተገኘው ጸጥታ መንገዱን ከመያዝ የመጣ ሳይሆን መንገዱን ከመልቀቅ የመጣ ነው። ሾክ አብዞርበሩ የደከመ መኪና እንዲህ ባለ ፍጥነት ኩርባ ላይ ሲደርስ ኋላው ይንሸራተታል፤ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ያለ በመሆኑም ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ከነካ ሊገለበጥ ይችላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ለምን አይበቃም?

ብዙ አምራቾች ሾክ አብዞርበር 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ በሚገባ እንዲመረመር ይመክራሉ። ይህ ለአስፋልት ጥሩ መነሻ ነው። ቆጣሪው ግን የሚመዘግበው ርቀትን እንጂ የምቶችን ብዛት አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር ለስላሳ አስፋልትና አንድ ኪሎ ሜትር ቆርቆሮ መሰል መንገድ በመዝገቡ ላይ እኩል ይጻፋሉ፤ በፒስተኑና በጎሚኒው ላይ ግን እኩል አይደሉም።

እርጅናውም ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ዘይት የሚይዘው ማሸጊያ ይበላል፤ ቫልቮቹ ይለሰልሳሉ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ የሚገፋው የናይትሮጅን ጋዝም ያመልጣል። ሾፌሩ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚለምደው ለውጡን ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና በየሰርቪሱና ከከባድ ጉዞ በኋላ ሁሉ ቢመረመር ይበጃል።

ምርመራው

በመጀመሪያ በዓይን እንመልከት። በቱቦው ላይ አቧራ የያዘ ስስ ወዝ ብቻ ካለ አያሳስብም። ዘይት እየወረደ ቱቦውን ካራሰው፣ ዘንጉ ከተጣመመ፣ ቱቦው ከተጨፈለቀ ወይም ማሰሪያው ከተሰነጠቀ ግን ጊዜ ሳይሰጠው ይለወጥ። የተበላ ጎሚኒም መለወጥ አለበት፤ ብቻውን የሚለወጥ ከሆነ ግን ሙሉ ሾክ አብዞርበር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መዳፋችንን በጎማው ዙሪያ እናንሸራት። በየቦታው ጎድጎድ እያለ የተበላ ጎማ በመንገዱ ላይ ሲዘል የኖረ መሆኑን ይጠቁማል። የጎማ ሚዛን መዛባትና የኩሽኔታ መበላትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጡ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ በጉዞ ላይ እናስተውል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ከልክ በላይ የሚደፋ፣ በኩርባ ላይ የሚያጋድል፣ ጉብታ ካለፈ በኋላ ደጋግሞ የሚነሣና የሚወድቅ መኪና ራሱ እየተናገረ ነው።

አራተኛ፣ የመካኒኩ የእጅ ግፊት። መኪናው ተጭኖ ሲለቀቅ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። ወዲያው ቢቆም ግን ደኅና ነው ማለት አይቻልም። የባሌስትራ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ በእጅ የሚፈጠረውን ትንሽ ውዝዋዜ በራሳቸው ሰበቃ ያቆሙታልና። ይህ ምርመራ በሽታ ካገኘ ይታመናል፤ በሽታ አላገኘሁም ሲል ግን ሊታመን አይገባም።

አምስተኛው ምርመራ ቀደም ሲል በልብ ይያዝ ካልነው ዐረፍተ ነገር የሚመነጭ ነው። የሚሠራ ሾክ አብዞርበር ይሞቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል በሸካራ መንገድ ከተነዳ በኋላ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬንም ይያዝ። ከዚያም በአንድ አክስል ላይ ያሉት የግራና የቀኙ ሾክ አብዞርበሮች ሙቀት ይነጻጸር። አንደኛው ከጓደኛው ጎልቶ ከቀዘቀዘ ሥራውን አቁሟል። ቱቦው እጅ ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይነኩ የእጅን ጀርባ ማስጠጋት ወይም ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር መጠቀም ያስፈልጋል፤ ከጭስ ማውጫው ቱቦም መራቅ ይገባል። ሁለቱም እኩል ቢደክሙ ንጽጽሩ አይረዳምና ሌሎቹን ምልክቶች አብሮ ማየት ግድ ነው።

ሲለወጥ

በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ በአንድነት ይለወጡ፤ አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳቡ አይቀርም። መኪናው ቆሞ ሳለ ያዘነበለ ወይም የወረደ ከሆነ ጥፋቱ የሞላው ወይም የባሌስትራው ነውና ሾክ አብዞርበር መለወጥ አያቃናውም። «ጠንካራው ይሻላል» ማለትም ስሕተት ነው፤ ከልክ በላይ የጠነከረ መንኮራኩሩ የመንገዱን ቅርጽ እንዳይከተል ያግደዋል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ሞላው በሾክ አብዞርበሩ ዙሪያ ተጨምቆ የተገጠመ ነው፤ ያለ ሞላ መጭመቂያ መሣሪያ መፍታት ለሞት የሚያደርስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና ለባለሙያ ይተው።

ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ

በጀርመን አገር የአኸን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፋይፎክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም የእጅ ስልክን የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ያደርገዋል። ስልኩን በመኪናው ወለል ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሾፌሩ በግቢ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በአንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይለፍ። በሥዕሉ ላይ የሚታዩትን ተከታታይ ከፍታዎች ለክታችሁ ሁለተኛው የመጀመሪያው ስንት እጅ እንደሆነ አስሉ። ሾክ አብዞርበሩ አዲስ ሳለ የተገኘውን ቁጥር መዝግቡና በየሦስት ወሩ በዚያው ጉብታ፣ በዚያው ፍጥነትና ጭነት ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ከፍ እያለ ከሄደ፣ ኪሎ ሜትሩ ደረሰም አልደረሰም፣ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ንብረት ኃላፊው ሂዱ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።