ቀላሉ ጠመንጃ ከባድ ዋጋ አለው
ከጎንደር ደጋ እስከ ፍሎሪዳ መደብር የዘለቀ ገበያ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የጤፉም፣ የማሩም፣ የበጉም ዋጋ በአደባባይ ይጠራል። የጠመንጃ ዋጋ ግን በጆሮ ይነገራል እንጂ አይጮኽበትም። ይህም ሆኖ ከአዘዞ እስከ ዳባት፣ ከደባርቅ እስከ ጃናሞራና በየዳ የአንድ አባወራ ሀብት ሲቆጠር ከበሬው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከበሬው ቀድሞ የሚጠራው ጠመንጃው ነው። በሠርግ ይተኮሳል፣ በለቅሶ ይተኮሳል፣ ልጅ ይወርሰዋል። ባለቤቱ «አይሸጥም» ሲል ግን እውነት አይሸጥም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የድርድሩ መጀመሪያ ነው።

ውጭ አገር የሚኖረው ልጅ ለአባቱ፣ ገንዘብ የያዘው የከተማ ነጋዴ ለራሱ፣ አስጎብኚው ለደንበኛው የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ለዳገት የሚመች፣ በእጅ የሚቀባበል ቀላል የአደን ጠመንጃ ስንት ያወጣል? ከየትስ ይገኛል? የዋጋው ነገር ቀላል ነው፤ አምራቾቹ ይፋ አድርገውታል። ችግሩ ያለው ከዋጋው ወዲያ ነው።

ግራም በዶላር ሲቆረጥ

ተራ የአደን ጠመንጃ መነጽሩ ሳይገጠምለት ከ3.2 እስከ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። «ቀላል» የሚባለው ከ3 ኪሎ በታች የወረደው ሲሆን፣ እጅግ ቀላሎቹ 2.3 ኪሎ አካባቢ ይደርሳሉ። የፊንላንዱ ቲካ ቲ3 ኤክስ ላይት 2.9 ኪሎ ገደማ ነው። የአሜሪካው ኪምበር ሞንታና 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእነዚህ ሁሉ ታላቅ ሊባል የሚችለው ዊንቸስተር ሞዴል 70 ፌዘርዌት እ.ኤ.አ. በ1952 ሲወጣ 3 ኪሎ ገደማ መሆኑ ራሱ ትልቅ ወሬ ነበር።

ክብደቱ የሚቀነሰው ከየትም አይደለም። አፈሙዙ ይቀጥናል ወይም ያጥራል፤ የእንጨቱ ሰደፍ በፕላስቲክ ወይም በካርቦን ጭረት ይተካል፤ የማቀባበያው ብረት ይቦረቦራል። ሥራው በረቀቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ቲካን የመሰለው ጠመንጃ በአሜሪካ መደብሮች 1,000 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ፣ አፈሙዙ በካርቦን የተጠቀለለው ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። መነጽሩ ለብቻው ነው። በመነጽር የሚቆጥብ ገዢ ደግሞ ውድ ፈረስ ገዝቶ በገመድ እንደሚለጉም ሰው ነው።

በብር ሲመነዘር ነገሩ ይለያል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 1,000 ዶላር በባንክ ሒሳብ 57,000 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ከ100,000 ብር አለፈ። ጠመንጃው ያው ነው፤ ፋብሪካው ዋጋ ሳይጨምር ለኢትዮጵያዊው ገዢ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።

ሻጭ በማስታወቂያው ላይ የማያጎላው አንድ ነገር አለ። ያው ጥይት ከቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ይበረታል። ጠመንጃው ከ3.6 ወደ 2.5 ኪሎ ሲወርድ የግፊቱ ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለዚህ ነው እንደ 7 ሚሊ ሜትር 08 ወይም 6.5 ክሪድሞር ያሉ ለዘብ ያሉ ጥይቶች ለቀላል ጠመንጃ የሚመረጡት። ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ስለሚግል ሦስት አራት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ጥይቱ ከዒላማው ዘወር ማለት ይጀምራል። ሌላም አለ። 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው ቀላል ጠመንጃ ሲይዝ ከልቡ ምት ጋር አፈሙዙ ይወዛወዛል፤ ከባዱ ግን ይረጋል። በእግር ስድስት ሰዓት ለሚጓዝ ሰው ቀላሉ ይሻላል። ለመተኮስ ብቻ ከሆነ ከባዱ ይሻላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሸጥ ፋብሪካ የለም።

ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ

በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም የደጋው ሰው የአውሮፓ ፋብሪካዎችን ስም በራሱ አንደበት አጥምቆ አስቀርቷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣችው ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1886 የተተካበት ለበል ለበን ተባለ። ምንሽር ከማንሊኸር እንደመጣ ይነገራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠራበት ግን የጣሊያኑ ካርካኖ ነው። ቤልጅግ ከቤልጅየም የመጣው ማውዘር ነው።

የንግዱ ምሥጢር ያኔም እንደዛሬው ነበር፤ ለአውሮፓ ያረጀው ለአፍሪካ ይላካል። የፈረንሳይ ጦር ለበልን ሲይዝ በመጋዘን የተከማቸው ውጅግራ ገዢ ይፈለግለት ጀመር፤ ነጋዴዎችም በታጁራና በጅቡቲ በኩል ወደ መሐል አገር አጓጓዙት። ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የወጣው በዚሁ ንግድ ነው፤ ትርፉ ግን እንዳሰበው አልሆነለትም። በአገር ውስጥ ደግሞ ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆኖ ነበር። ማርያ ቴሬዛ ብር ለትልቅ ግዢ፣ አሞሌና ጥይት ለዝርዝር ያገለገሉበት ዘመን ነው። ጠመንጃና ጥይት «ሀብት» መሆናቸው የመጣው ከፉከራ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ነው።

መንግሥታትም በበኩላቸው ገበያውን ለመዝጋት ሞክረዋል። የ1890ው የብራስልስ ስምምነት (እ.ኤ.አ.) ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ገደበ። ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የመሣሪያ ውል የፈረመችው ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር ማውዘሮችን ገዙ። አንዳንዶቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመን 10,000 ያህል ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት በስውር መላኳም በታሪክ ተጽፏል፤ ሂትለር ይህን ያደረገው ለኢትዮጵያ ተቆርቁሮ ሳይሆን ሙሶሊኒን በአፍሪካ ጠምዶ ለማቆየት ነበር።

ምንሽር በሰሜን ጎንደር መብዛቱ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ከደባርቅ ወጣ ብሎ በሊማሊሞ ቁልቁለት አፋፍ ላይ የነበረው የውልቅፊት የጣሊያን ምሽግ እጁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1941 ነው። ጎንደር ከተማ ራሷ የጣሊያን የመጨረሻ ይዞታ ሆና ቆይታ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደቀች፤ በዚያን ጊዜ የተማረከው ሠራዊት ከ20,000 በላይ ነበር። ያን ያህል ሠራዊት መሣሪያውን ጥሎ ሲበተን ጠመንጃው የት እንደሚገባ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ክብደት ከተነሣ እንግዲህ የደጋው የራሱ «ቀላል ጠመንጃ» ይኸው የጣሊያን የፈረሰኛ ምንሽር ነበር ማለት ይቻላል። ረጅሙ ምንሽር 3.8 ኪሎ ሲመዝን አጭሩ 3 ኪሎ ገደማ ነው። የ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይቱ ትከሻ አይመታም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ስድስቱ ጥይት የሚጎርሰው ከታቀፈበት የብረት ማቀፊያ ጋር ነው። ማቀፊያዋ ባዶ ስትሆን ከሥር ትወድቃለች፤ ወድቃ ከጠፋች ጠመንጃው አንድ በአንድ የሚጎርስ ይሆናል። በቀደሙት ምንሽሮች ላይ የአፈሙዙ የውስጥ ጥምዝ ወደ ጫፍ እየጠበቀ የሚሄድ ስለሆነ ጫፉ የተቆረጠ ረጅም ምንሽር ኢላማ አይመታም። አሮጌ ጠመንጃ የሚገምት ሰው የሰደፉን ጌጥ ትቶ ከአፈሙዙ ጫፍ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽንኮቭ ገበያውን አጥለቀለቀው። በእጅ የሚቀባበለው ሁሉ «የአያት ጠመንጃ» ሆነ። ጥይቱ የማይገኝለት ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

አሮጌው ዕቃ ባሕር ተሻገረ

እዚህ ላይ የሚገርም የገበያ ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍሎሪዳ የሚሠራው ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ አስመጪ ከኢትዮጵያ የመንግሥት ክምችት የወጡ የተባሉ አሮጌ ጠመንጃዎችን ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ያቀርብ ጀመር። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቬተርሊ፣ ማውዘር፣ ሁሉም አለበት። ሰደፋቸው በቆዳና በሚስማር የተጠገነ፣ ዝገታቸው ያልተጠረገ ናቸው። እዚህ «አሮጌ ብረት» የሚባለው እዚያ «ታሪክ ያለው» ተብሎ በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣል። የአንበሳው ምልክት ያለበት ቤልጅግ ከሌላው ይበልጥ ይፈለጋል።

የአሜሪካ ሕግም ለዚህ ንግድ መንገድ ከፍቶለታል። በአገሪቱ ፌዴራላዊ ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ ጠመንጃ «ቅርስ» እንጂ መሣሪያ ተብሎ አይቆጠርም፤ ገዢው እንደ ማንኛውም ዕቃ በፖስታ ሊያስመጣው ይችላል። ስለዚህ የውጅግራ ዋጋ የሚወሰነው በጥይቱ ሳይሆን በተሠራበት ዓመት ነው። አንድ መቶ ዓመት በላይ የተቀመጠ ዕቃ በዕድሜው ምክንያት ዋጋ ሲያገኝ ማየት ለነጋዴ ትምህርት ነው፤ ትርፉ ግን ጠመንጃውን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ እጅ አልደረሰም።

ይህን ሰምቶ የአያቱን ጠመንጃ ወደ ውጭ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ካለ ነገሩ አይሆንም። ወደ ውጭ የሚሄደው በመንግሥታት ፈቃድና በጅምላ እንጂ በግለሰብ ሻንጣ አይደለም።

ፈቃዱ ነው የሚከብደው

የአገራችን ሕግ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል፤ ይቀጣልም። የአደን ጠመንጃም ቢሆን ጠመንጃ ነው። በተለይ የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለፈበት ግጭት ውስጥ፣ በጨለማ የተገዛ ጠመንጃ ከገንዘብ ኪሳራ በላይ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ያጣል፤ ዕቃው ይወረሳል፤ ራሱም ይታሰራል። ደረሰኝ በሌለው ንግድ የተታለለ ገዢ ደግሞ የሚከሰው ሰው የለውም። ደላላውም ቢሆን በዚህ ዕቃ ላይ የሚቀበለው ኮሚሽን ለክስ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

ከአሜሪካ ለአባቱ ስጦታ ለመላክ የሚያስብ ልጅም ሁለት በር ይጠብቀዋል። እዚያ የአደን ጠመንጃ ወደ ውጭ ለመላክ ከንግድ ሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሥልጣኑ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ወደዚያ የተዛወረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው። እዚህ ደግሞ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቃል። አዳኝ ቱሪስት ጠመንጃውን ይዞ የሚገባው ይዞት ሊወጣ በጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ ለአማቹ ትቶት መሄድ አይችልም።

ጠመንጃው ተገኘ እንበል። ምን ይታደንበታል? በሰሜን ደጋ ላይ ዋልያ አለ፤ ዋልያን መንካት ግን በሕግ ክልክል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ የተከለለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በዋናነት ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ በደጋው የተበተነው ጠመንጃ ዋልያን ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀሩት 150 ያህል ብቻ እንደነበሩ ተገምቷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሳይወጣ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ማንኛውም አደን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ የሚጠየቀውም ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው።

ሕጋዊው የስፖርት አደን ያለው ሌላ ቦታ ነው። ስመ ጥሩዎቹ ቀጠናዎች በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ ናቸው። በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን እዚያ ይታደናል፤ ለአንድ አጋዘን ብቻ ከውጭ አገር አዳኝ 15,000 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ሲጠየቅ ቆይቷል። የአስጎብኚው፣ የድንኳኑ፣ የመኪናው ሒሳብ ሌላ ነው። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጠመንጃው ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። ለዚያም ነው በዚህ ሥራ ገንዘብ ማፍሰስ የሚፈልግ ባለሀብት ጠመንጃ በማስመጣት ሳይሆን ቀጠና ከመንግሥት በመኮናተር የሚጀምረው። የራሱን ይዞ መምጣት ላልፈለገ ደንበኛ ካምፑ በፈቃድ የያዘውን ጠመንጃ ያከራየዋል፤ ኪራዩም ከአደኑ ሒሳብ ጋር ተደምሮ በዶላር ይከፈላል።