ጠርዙ አሮ መሃሉ ሊጥ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ደሴ ላይ ኬክ ሲበላሽ ጥፋቱ በከፍታው ይላከካል። ድርሻማ አለው፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር፣ ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ የአየር ግፊቱ አንሶ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ይሟሽሻል። መላው ቤኪንግ ፓውደር መቀነስ ነው። ከፍታ ግን ጠርዙን ከመሃሉ ለይቶ አያሳርርም፤ ያ የፓትራው ሥራ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ ግለቱ በአንድ ቦታ አይከማችም፤ ጥቁር ፓትራ ደግሞ የምድጃውን ጨረር አብዝቶ ስለሚስብ ዳሩን ያከስላል። «አሉሚኒየም ሁሉ ያው ነው» የሚል ካለ ወለሉን በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ ከሰረጎደ ምድጃ ውስጥ ይጣመማል፣ ሊጡም ወደ አንድ ጎን ያደላል። ለድፎ ዳቦ ከሥር የሚነጠፈው ኮባም ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ እርጥቡ ቅጠል የብረቱን ግለት ያለዝባል።