ሚዛኑን የሚፈትነው ክብደት፦ የሥርዓት ጥሪ መጠቅለያና የዲበገር ፍተሻ



እዚህ ሰንጋ ተራ በዙሪያችን በቆሙት የባንክ ሕንፃዎች ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ፋይል ለማንበብም ሆነ በኔትወርክ መልእክት ለመላክ ከርነሉን መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ የሥርዓት ጥሪ ይባላል። ዲበገር ደግሞ ፕሮግራሙን በመካከሉ አስቁሞ ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት ያሳየናል። ታዲያ ዲበገሩ ራሱ እውነት መናገሩን በምን እናውቃለን?

ሚዛን የሚፈተሸው ክብደቱ አስቀድሞ በታወቀ ነገር ነው። ዲበገርም እያንዳንዱ ትእዛዙ አስቀድሞ በታወቀ አጭር ፕሮግራም ይፈተሻል። ይህን ፕሮግራም በአሴምብሊ የምንጽፈው ኮምፓይለሩና የሲ ላይብረሪው ያልጻፍናቸውን ትእዛዞች ስለሚጨምሩበት ነው።

አሠራሩ በሊነክስና በ64 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰር እንዲህ ነው። የጥሪው ቁጥር አርኤኤክስ በተባለው ሬጅስተር ይቀመጣል፤ መጻፍ 1፣ ፕሮግራሙን መዝጋት 60 ነው። ግብዓቶቹ እስከ 6 ሲሆኑ በየተመደበላቸው ሬጅስተር ይገባሉ። ከዚያም «ሲስኮል» የተባለው ትእዛዝ ወደ ከርነሉ ያሻግራል። መልሱ ከ−4095 እስከ −1 ከሆነ ስሕተት አለ ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በተራ የሲ ፈንክሽን ጥሪ 4ኛው ግብዓት የሚመጣው በአርሲኤክስ ነው። «ሲስኮል» በዚሁ ሬጅስተር ላይ የመመለሻ አድራሻ ስለሚጽፍ፣ ከርነሉ 4ኛውን ግብዓት የሚያነበው ከአር10 ነው። ስለዚህ መጠቅለያው ግብዓቱን አስቀድሞ ማዛወር ይኖርበታል።

ይህን በሚገባ የተማርሁት በአንድ ተማሪዬ ኪሳራ ነው። እርሱ የሠራውን ዲበገር የፈተንሁት እኔ በጻፍሁት መጠቅለያ፣ ሜሞሪ በሚጠይቀው የኤምማፕ ጥሪ ነበር። ዲበገሩ 4ኛውን ግብዓት 0 ብሎ አሳየ፤ እኔ የላክሁት 34 ነበርና ነጥብ ቀነስሁበት። ከርነሉ ግን −22፣ ማለትም «ግብዓቱ ልክ አይደለም» ብሎ መልሶ ነበር፤ ልብ አላልሁትም። ማታ ትእዛዝ በትእዛዝ ስከታተለው 34 በአርሲኤክስ እንደቀረ አገኘሁ። የማዛወሪያዋን አንዲት መስመር ረስቻታለሁ! ተማሪው ልክ ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ መፈተኛ ነው። በማግስቱ ነጥቡን መልሼ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው፦ መጠቅለያችሁ ጥቂት መስመሮች ብቻ ቢኖሩትም፣ የከርነሉን መልስ እንደ ሦስተኛ ምስክር ሳትሰሙ በዲበገሩም በሠሪውም ላይ አትፍረዱ።