የእንጀራ ዓይን የሚያስፈራው ልጅ



ጨለማ የሚፈራ ልጅ ማንንም አይገርምም። ውሻ፣ መርፌ ወይም ነጎድጓድ ቢፈራም «ልጅ አይደል፣ ያልፍለታል» ብለን እናቅፈዋለን። ፊኛ ሲያይ ከክፍል ሮጦ የሚወጣውስ? የሸሚዝ ቁልፍ አልነካም የሚለውስ? የእጅ ማድረቂያውን ድምፅ ላለመስማት ብሎ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ የሚውለው፣ ወይም ልደት ላይ የካርቱን ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር የሚገባውስ? እዚህ ላይ ትዕግሥታችን ያልቃል። «ምን ነካህ? ይሄ ደግሞ ምኑ ይፈራል?» እንላለን። እንግዳ ካለ ደግሞ እናፍራለን።

የእኛ ገበታም የራሱን ጥያቄ ያመጣል። ዓይኑ የወጣለት እንጀራ ለእኛ የባለሙያ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተጠጋግተው ሲያዩ ሰውነታቸውን የሚሰቀጥጣቸው ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኦፍ ኮልና አርኖልድ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በቀዳዳ የተሞላ የሎተስ አበባ የዘር ራስ ፎቶ ካሳዩአቸው ሰዎች መካከል 16 ከመቶ ያህሉ ምስሉ እንደሚረብሻቸው ተናግረዋል። ይህ ስሜት ትሪፖፎቢያ ይባላል። አንዳንዱን የማር እንጀራ፣ ሌላውን ስፖንጅ ይረብሸዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ በእኛ ቤት ተወለደ እንበል። የምንኮራበት የእንጀራ ዓይን እሱን ይቀፈዋል። ትሪው ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አይችልም። እኛ ደግሞ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ባህሉን የናቀ፣ «ፈረንጅ የሆነ» ልጅ። አያቱ ይከፋቸዋል። እናቱ የተወቀሰች ይመስላታል። ልጁም ከቀዳዳው በላይ የሚከብድ ነገር ይማራል፤ «እኔ እንደ እነሱ አይደለሁም» የሚል። እንጀራ እምቢ ያለ ሁሉ ፈርቶ ነው ማለት አይደለም፤ ኮምጣጣነቱን የማይወድም አለ። ነገር ግን የፈራውን እንደ ናቀ ከቆጠርነው ሁለት ጊዜ እንጎዳዋለን።

ፎቢያ ሲባል

ቃሉ የመጣው ፎቦስ ከሚለው ግሪክኛ ነው፤ ፍርሃት ማለት ነው። ሐኪሞች ግን ማንኛውንም ፍርሃት ፎቢያ አይሉትም። ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን፣ ነገሩ በቀረበ ቁጥር ወዲያው የሚነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየና ኑሮን የሚያውክ ሲሆን ነው ስሙ የሚሰጠው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ፎቢያዎችን በአምስት ይከፍላቸዋል፤ እንስሳት፣ የተፈጥሮ ሁኔታዎች (እንደ ከፍታና ነጎድጓድ)፣ ደምና መርፌ፣ ሁኔታዎች (እንደ ሊፍትና አውሮፕላን) እና «ሌሎች»። በዚህ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ለልጆች በምሳሌነት የተጠቀሱት ኃይለኛ ድምፅና የገጸ ባሕርይ ልብስ የለበሱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጠረጴዛ ሥር የገባው ልጅ ለሐኪሙ እንግዳ አይደለም።

ልጆች «ፈርቻለሁ» ላይሉ ይችላሉ። ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ ደርቀው ይቀራሉ ወይም እግራችን ላይ ይጣበቃሉ። ጥጋብ የመሰለን ነገር አንዳንዴ ይኸው ነው።

ነገሩ የልጅ ብቻም አይደለም። ዓለምን በፊልሞቹ ሲያስፈራራ የኖረው አልፍሬድ ሂችኮክ እንቁላል እንደሚፈራ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ሌላውን ማስፈራት የሚችል ሰው ቁርስ ላይ ሊሸነፍ ይችላል።

ፍርሃቱ በምን ይኖራል?

አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። አንድ ጊዜ የደነገጠ አእምሮ እባቡን ብቻ ሳይሆን እባብ የሚመስለውንም ይፈራል። ጆሮው ሥር ፊኛ የፈነዳበት ልጅ ከዚያ በኋላ ፊኛ የተሰቀለበትን አዳራሽ በሙሉ ሊሸሽ ይችላል። ሁልጊዜ ግን መነሻ ክስተት አይገኝም፤ «መቼ ጀመረህ?» እያሉ መመርመር ብዙ አይጠቅምም።

ፍርሃቱን የሚያኖረው ሽሽት ነው። ልጁ ፊኛውን አይቶ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ሮጦ ሲወጣ ወዲያው እፎይ ይላል። ያ እፎይታ ለአእምሮው ትምህርት ይሆነዋል፤ «ያዳነኝ መሸሼ ነው»። በሚቀጥለው ጊዜ ቀደም ብሎ ይሸሻል። ቤተሰቡም ከፍቅር የተነሣ ፊኛ ያለበትን ልደት ይቀራል፣ እንጀራውን ከገበታው ያነሣል። ልጁ ያርፋል፤ ፍርሃቱ ግን ያድጋል።

በግድ መጋፈጥም መድኃኒት አይደለም። ልጁን ይዞ ፊኛ ጆሮው ሥር ማፈንዳት ወይም እንጀራውን አፉ ውስጥ መክተት ፊኛን ብቻ ሳይሆን እኛንም እንዲፈራ ያደርገዋል።

ፒተርና ጥንቸሉ

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከታወቀ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 ፒተር ስለተባለ ሕፃን ጽሑፍ አወጣች። ፒተር ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጥንቸል ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱ ወደ ፀጉር ካፖርት፣ ወደ ላባና ወደ ጥጥ ሳይቀር ተሻግሮ ነበር። እሷም የሚወደውን ምግብ እየሰጠችው፣ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ያለውን ጥንቸል ከሩቅ አስቀመጠች። መብላቱን እንዳያቋርጥ እየጠበቀች ቀስ በቀስ አቀረበችው። ጥንቸል የማይፈሩ ሌሎች ልጆችም አጠገቡ ሆነው ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ዳሰሰው፤ ጣቱንም እንዲነካክሰው ፈቀደለት።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፒተር መሀል ላይ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣም ትልቅ ውሻ አስደነገጠው፤ ፍርሃቱም ተመለሰ። ተስፋ አልቆረጡም፤ እንደገና ጀመሩ፣ ተሳካም። የእኛም ልጅ ሁለት ደረጃ ወጥቶ አንድ ቢወርድ አልተበላሸም።

መሰላሉን አብሮ መሥራት

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ባለሙያዎቹ ከሚሠሩበት ዘዴ ጋር አንድ ነው። ፍርሃቱ ቀለል ያለ ከሆነ እቤት መጀመር ይቻላል። ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው የመሰላል ሥዕል ይሥሩ፤ ከታች በጣም ቀላሉን፣ ከላይ በጣም ከባዱን ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ቁጥር የሚሰጠው ልጁ ራሱ ነው።

የእንጀራ ዓይን ለሚቀፈው ልጅ መሰላሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

1. ስለ እንጀራ ማውራት፣ ከዚያም ትንሽ ፎቶውን ማየት።
2. እንጀራው በመሶብ ተከድኖ እዚያው ማዕድ ላይ መቀመጥ።
3. ልሙጡን ጀርባውን ማየትና መንካት።
4. ዓይኑ ወደ ውስጥ ሆኖ የተጠቀለለውን በእጅ መያዝ።
5. ከጥቅሉ ትንሽ ቆርሶ መቅመስ።
6. ምጣዱ አጠገብ ቆሞ ዓይኑ ሲወጣ ማየት።
7. ከቤተሰቡ ጋር ከተዘረጋው እንጀራ መቁረስ።

ስድስተኛው ደረጃ ላይ ጥሩ ትምህርት አለ። እርሾው ሊጡን ሲያቦካ ጋዝ ይፈጠራል፤ ምጣዱ ሲግል ጋዙ አረፋ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓይን የምንለው የአረፋው መውጫ ነው። ትንሽ ሊጥ ተቀንሶ፣ በፈላ ውሃ ላይ በስሎ፣ አብሲት ሆኖ ሲመለስበት ደግሞ ዓይኑ ይበዛል። ልጁ የነገሩን አሠራር ሲያውቅ ፍርሃቱ ወዲያው ባይጠፋም የሚጠይቀውና የሚያወራው ነገር ያገኛል።

ፊኛ ለሚፈራውም ያው ነው፤ መጀመሪያ ያልተነፋ ፊኛ በእጅ መያዝ፣ ከዚያ በትንሹ የተነፋ፣ ከዚያ ትልቅ ፊኛ ከሩቅ፣ ኋላም ከቅርብ። ማፈንዳት ካለም መርፌውን የሚይዘው ልጁ ነው።

ሦስት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ደረጃ ላይ ይቆዩ፤ ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ሰዓት ማቋረጥ ሽሽቱን ያጠናክራል፤ ደረጃው ከከበደ ወደ ቀላሉ ወርደው በሰላም ይጨርሱ። ሁለተኛ፣ አያታሉ፤ «የለበትም» ብለው ደብቀው ካበሉት፣ የሚቀጥለውን ጉርሻ አያምንም። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ሳይሆን ሙከራውን ያመስግኑ፤ «ፈርተህም ሞከርክ፤ ጎበዝ!»

ደም ወይም መርፌ ሲያዩ ራሳቸውን ለሚስቱ ልጆች ግን አንድ ልዩነት አለ። በሌሎቹ ፎቢያዎች የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ በዚህኛው ከፍ ካለ በኋላ በድንገት ይወርዳል፤ ሰውየው የሚወድቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ዘና በል» ማለት አያዋጣም። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላርስ ጎራን ኦስት ያስተዋወቀው ዘዴ የክንድ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ማጠንከር፣ መልቀቅና መድገም ነው፤ ይህ ግፊቱን ያነሣዋል። መርፌ የሚወጋውን ክንድ ግን ላላ ማድረግ ነው።

ከአፋችን የሚወጣው

ብዙዎቻችን «ጅቡ መጣልህ!» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ደግሞ ጅቡ በፖሊስ ተተክቷል፤ «ዝም ካላልሽ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሻል» እንላለን። ሳናስበው ሊያድነን የሚገባውን ሰው ማስፈራሪያ አደረግነው ማለት ነው። ይህን ማቆም ገንዘብ አያስወጣም።

«ፈሪ» የሚለውም ቃል ይቅር። አማርኛችን ከዚህ የተሻለ አለው። ልጆች እንግሊዝኛም ይሁን ዐረብኛ ወይም ጀርመንኛ ይናገሩ፣ ለስሜታቸው አማርኛ ከሌላቸው ለአያታቸው ማስረዳት አይችሉም። እነዚህን ያስተምሯቸው፦ ድንገት የሆነ ነገር ሲመጣ ደነገጥኩ። ገና ያልመጣውን ሳስብ ሰጋሁ። ልቤ አልረጋ ሲል ጨነቀኝ። መንካት ሲያስጠላኝ ቀፈፈኝ። ሰውነቴን ሲወረኝ ሰቀጠጠኝ። ማየት ሲከብደኝ ዘገነነኝ።

ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ ሰዎች የእባብ ዓይነት አስፈሪ ምስል ሲያዩ የዓይናቸው ብሌን ይሰፋል፤ የቀዳዳ ክምችት ሲያዩ ግን ይጠባል። ያ ደግሞ ከፍርሃት ይልቅ የመጸየፍ ምልክት ነው። «ቀፈፈኝ» የሚለው ቃላችን ከ«ፈራሁ» ይልቅ ለዚህ ስሜት የቀረበ ነው።

ደግሞ ሰዋስዉን ልብ ይበሉ። «ፈሪ ነኝ» ሲል ፍርሃቱ ልጁ ራሱ ነው። «ጨነቀኝ»፣ «ቀፈፈኝ» ሲል ግን ከውጭ መጥቶ ያገኘው ነገር ነው። ከውጭ የመጣ ነገር ደግሞ ሊሄድ ይችላል።

ወደ ሐኪም መቼ?

ፍርሃቱ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጓደኛ ወይም ከእንቅልፍ ካስቀረው፣ ሽንቱን እየያዘ ከታመመ፣ ወይም ብዙ ዓይነት ምግብ ትቶ ክብደቱ ከቀነሰ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይውሰዱት። በድምፅ፣ በልብስ፣ በምግብ፣ በሁሉም የሚረበሽ ከሆነም ይንገሯቸው፤ ሥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፎቢያ በደንብ ከሚታከሙ የጭንቀት ሕመሞች አንዱ ነው። ላርስ ጎራን ኦስት እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ሕክምና በአንድ ቀጠሮ፣ እስከ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ደረጃ በደረጃ ልምምድ የሚያልቅ ሲሆን ለልጆችም ይሰጣል። ጸሎቱም ዱዓውም ከሐኪሙ ጋር አይጣላም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል።

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ልመና አለን። ልጅዎ እንዲህ ያለ ፍርሃት ካለው፣ ምንም ያህል ትንሽ ወይም አስቂኝ ቢመስልዎት፣ ለክፍሉ መምህር በጆሮ ሹክ ይበሉ። ለእንቁጣጣሽ አዳራሹን በፊኛ ከማስጌጣችን በፊት ብናውቅ በሩ አጠገብ ወንበር እናዘጋጅለታለን። በምሳ ሰዓትም እንጀራውን ጠቅልለን ልናቀርብለት እንችላለን። ደረጃውን የሚወጣው ልጁ ነው፤ መሰላሉን መያዝ ግን የእኛ ፋንታ ነው።